የባለጋቢዎቹ አራተኛ አልበም

ጽሑፍ አልችልበትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም፣ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ፎርም ለመሙላት ብቻ ነው። አነጋገሬ ቢደናቀፍባችሁ ታገሡኝ። ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩትም፤ አሁንም የምናገረው ስለጨነቀኝ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ ስል ያለፈው ዓመት ማለቴ ነው፤ ግን ሩቅ ይመስለኛል። ነቀምት ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከደሳለኝ ጋር ነበር የምኖረው። እኅታችን አስቴር ጅዳ ናት፣ ከሄደች ስድስት ዓመት አለፋት። አባታችን የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው። ስለዚህ የጫማ ክር ማሰር ያስተማረኝ፣ ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጣ» ስባል የሚሄድልኝ ደሳለኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባጃጅ ይነዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ክራሩን ይዞ ከባለጋቢዎቹ ጋር ይሄዳል።

ወለጋ ውስጥ ሰርግ የበላ ሰው ባለጋቢዎቹን ያውቃቸዋል። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ሦስት ተቀባዮች፣ በጠቅላላው ሰባት ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሕዝቡ ነው፤ በመጀመሪያው ካሴታቸው ሽፋን ላይ ሰባቱም ጋቢ ለብሰው ቡና የጫነ መኪና ፊት ቆመዋል። በኦሮምኛም በአማርኛም ይዘፍናሉ። አንዳንዴ በአንዱ ጀምረው በሌላው ይጨርሱታል፣ ልክ እንደ ነቀምት ገበያ ወሬ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያወጡት ሦስት አልበም ነው። ደሳለኝ እነዚህን አልበሞች እንደ ዘመድ ታሪክ ይተርክልኝ ነበር። የመጀመሪያው የተቀረጸው ቡና መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጆንያው ማስተጋባቱን ይውጥልናል ብለው። ሁለተኛው የተቀረጸው ክረምት ላይ፣ እኔ ሳልወለድ ነው። የቆርቆሮው ዝናብ አብሮ ገብቶበታል። «ስምንተኛው ባለጋቢ ዝናቡ ነው» ይል ነበር ደሳለኝ። ሦስተኛው አዲስ አበባ ተቀርጾ ኪቦርድ ገባበትና ሰዉ «ቅቤ የሌለው ጨጨብሳ» ብሎ ተወው። ደሳለኝ ባንዱን የተቀላቀለው በዚህ በሦስተኛው ነው። እሱም ክራር ብቻ መታ እንጂ አልዘፈነም። በሦስቱም አልበም ላይ የሚዘፍነው አንድ ሰው ነው፤ የባንዱ መሪ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ፣ የዲጋው ጋሽ ኢተፋ።

አራተኛው ግን የደሳለኝ ነበር። ጋሽ ኢተፋ ስድሳ አምስት ሲሞላቸው ድምፃቸው ሻከረ፣ ላይ ሲወጡ ይሰበርባቸው ጀመር። የባንዱ ሰዎች መክረው «የዚህኛውን ደሴ ይዝፈን» አሉ። አኖ ከተማ ፈይሳ የሚባል ልጅ ኮምፒውተርና ማይክ አለው። እሱ ቤት አሥራ አንድ ዘፈን በወንድሜ ድምፅ ተቀረጸ። ፈይሳ አንድ ኮፒ በደሳለኝ ስልክ ሚሞሪ ላይ ጫነለት። ደሳለኝ ግን ለማንም አልላከውም። አልበሙ ሳይወጣ በቴሌግራም ይበተናል ብሎ ይፈራ ነበር።

አንድ ቀን ባጃጁን አቁመን ተሳፋሪ ስንጠብቅ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ወገን ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን እሱ ያዘ። አንድ ዘፈን አሰማኝ።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«አንተን አትመስልም።»

«እኔ ነኝ እንጂ! ከስር የባጃጅ ሞተር የሌለበት እኔ።»

«ለእማዬ መቼ ልታሰማት ነው?»

ሳቀ። «ሲወጣ። ሽፋኑ ላይ ጋቢ ለብሼ ስታየኝ ልጄ መነኮሰ ብላ ትሰማው ይሆናል።»

እናቴ ዘፈን አትሰማም። ከወላጆቿ ጋር ከጎጃም የመጣች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገች ሴት ናት። ደሳለኝን ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት አስገብታው ነበር፤ ዲያቆን እንዲሆንላት። ክራር ሲይዝ «አዝማሪ ወለድኩ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ክራሩ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። የሚያድረው ባጃጁ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ስር ነበር። ደሳለኝ ፊቱን ሲታጠብ እንኳ ካንጎራጎረ «ዝም በል፣ ቤት ነው ይሄ» ትለዋለች። ዝም ይላል። ልጇ ሲዘፍን አንድም ቀን አልሰማችውም።

ባለጋቢዎቹ አንገር ጉቲን ከተማ ሰርግ ነበራቸው። ጋሽ ኢተፋ አሞኛል ብለው ቀሩ። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ። ወንድሜ ከኋላ ከዕቃው ጋር ነበር የተቀመጠው፤ የባንዱ ትልቁ ስፒከር ደረቱ ላይ ወደቀ። ከዚህ በላይ ስለዚህ ልጽፍ አልችልም።

ከሆስፒታል ልብሱንና ስልኩን በፌስታል ሰጡኝ። የስልኩ ጥጉ ብቻ ነበር የተሰነጠቀው።

በእኛ ሰፈር ዐረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ቀብር ይቀርጻል። መጥቶ አፈር ማልበስ ያልቻለ ሰው በስልክ አይቶ እርሙን ያወጣል። አስቴር ደውላ አልቅሳ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተነህ፣ ቅረጽልኝ። ሁሉንም። ሲገባ ካላየሁ ነገ ይደውልልኛል ብዬ እጠብቃለሁ።»

የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ ቪዲዮ አያነሳም። ስለዚህ የደሳለኝን ያዝኩ፤ መክፈቻውን አውቀው ነበር። ፍትሐቱን ቀረጽኩ። የእናቴን ደረት መምታት ቀረጽኩ። ሕዝቡን ቀረጽኩ፤ የባጃጅ ሾፌሮች መጥተው ነበር፣ ባለጋቢዎቹ ክንዳቸው ተጠቅልሎ መጥተው ነበር። ጋሽ ኢተፋ ከሁሉም ኋላ፣ ከግንቡ ጥግ ቆመው ነበር። ሳጥኑን አንስተው ወደ ጉድጓዱ ሲሄዱ ስልኩ ቆመ። ቦታ የለም አለኝ።

ገመዱን ይዘዋል። አንድ ሽማግሌ «ቀስ፣ በጭንቅላቱ በኩል ዝቅ» ይላሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ስልኩን እጎረጉራለሁ። ሁላችንም የምናደርገውን ነው ያደረግኩት፦ ትልልቁን ፋይል ፈልጌ መረጥኩ። ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ፋይሎች ተደርድረዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አሥራ አንድ ይደርሳል። የሰርግ ማጀቢያ ሙዚቃ መሰለኝ፣ እሱ እንደዚያ ዓይነት ብዙ ነበረው። ስልኩ «ጨርሶ ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ቦታ ተገኘ። አፈሩ ሲገባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀረጽኩ። ለአስቴርም ላክሁላት።

በሰልስቱ እናቴ ከለቀስተኛው መሀል ተነስታ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ድምፅዋ አልቆ ነበር፣ የምትናገረው በትንፋሿ ነው።

«ያ የዘፈነው አለ አይደል?»

«የቱ እማዬ?»

«አታሞኘኝ። ለጎረቤት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። እኔን ፈርቶ ነው የደበቀኝ። በስልኩ ላይ አለ ብሏል። አምጣና አሰማኝ።»

«እማዬ፣ ለቅሶ እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የራሱን ልጅ ይቅበርና ይበል!» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ስንት ዓመት ዝም በል አልኩት። አሁን ዝም አለልኝ። አንዴ ልስማው አንተነህ። እግዜር ይቀየመኝ እንደሆነ ይቀየመኝ።»

«ቻርጅ የለውም» አልኳት፤ እውነትም የለውም ነበር። ጎረቤት ሄጄ ሰካሁት። ሲበራ መፈለግ ጀመርኩ። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። ቁጥሩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አሥራ አንድ ዘፈን። አሥራ አንድ ፋይል። ለእናቴ «ገና ቻርጅ አልሞላም» አልኳት።

በማግስቱ ገና ሱቆች ሲከፈቱ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ሄድኩ። የጠፋ ነገር ይመልሳል ይባላል። ሚሞሪውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ብዙ ቆየ።

«ካጠፋኸው በኋላ ምንም ነገር ጭነህበታል?» አለኝ።

«አልጫንኩም። ቪዲዮ ብቻ ቀርጬበታለሁ።»

«ረጅም?»

«አዎ።»

«በቃ እዚያ ቦታ ላይ አርፎበታል። ቪዲዮው ባይቀረጽ ኖሮ እመልስልህ ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «የምን ቪዲዮ ነው? ካልጠቀመህ…»

«የወንድሜ ቀብር ነው።»

 ሚሞሪውን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ። ልሄድ ስል «ጃባዹ» አለኝ፤ በርታ ማለት ነው። እዚህ ሀገር ለቅሶ ቤትም የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚያው ወደ አኖ ተሳፈርኩ። ፈይሳ ቀርጾታል፤ ቀራጭ ደግሞ ኦሪጅናሉን ያስቀምጣል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መንገዱን ሙሉ ሹፌሩን «ትንሽ ፍጠን» ስለው «ምነው፣ ሙሽራ ነህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ፈይሳ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ከኋላ ባለች ክፍል ይቀርጻል። ግድግዳው ላይ የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶንና አሮጌ ፍራሽ ለጥፏል። እኔን ሲያይ ወረቀቱን ጥሎ አቀፈኝ። አለቀስን። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኩትም፤ «ስልኩ ተበላሽቷል» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ኦሪጅናሉ የለኝም» አለ።

«እንዴት አይኖርህም? ቀራጩ አንተ አይደለህም?»

«ጠፍቷል አንተነህ። ከኮምፒውተሬ ላይ ጠፍቷል።»

«ጋሽ ኢተፋ ጋስ? ፍላሽ ሰጥተሃቸው የለም?»

ዓይኑን ወደ ፍራሹ አዞረ። «አልበሙ እሳቸው ጋ አለ» አለኝ በመጨረሻ።

«ታዲያ እንዲህ በለኛ! ሰውየው፣ ልቤን አቆምከው እኮ!»

«ዲጋ ሂድ» አለ። «እሳቸው ራሳቸው ይንገሩህ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ታዝዤ ነው።»

ምን ታዘዝክ ብዬ አልጠየቅኩትም። የሰማሁት «አልበሙ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ከአኖ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜን በቀበርኩ በአራተኛው ቀን በሚኒባስ መስኮት ንፋስ እየተቀበልኩ ደስ አለኝ። እስካሁን የማፍርበት ደስታ ነው።

በነጋታው ጠዋት ዲጋ ነበርኩ። የጋሽ ኢተፋ ቤት ከመንገዱ ወረድ ብሎ ነው፤ ግቢው ቡናና ማንጎ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አካም ቡልቴ ኢልመኮ» አሉኝ። እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። «ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ። እናትህ እንዴት ናት?»

«የደሳለኝን ድምፅ ልስማ ትላለች። አራተኛውን አልበም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።  ከዚያ ለባለቤታቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው፤ እሳቸውም ትንሽ ስፒከርና ፍላሽ አምጥተው ሰጡን። ጋሽ ኢተፋ ሰኩና ከፈቱት።

ክራሩ ገባ። የወንድሜ ክራር ነው፣ አመታቱን አውቀዋለሁ።  ከዚያ ድምፅ መጣ። የሻከረ፣ ላይ ሲወጣ የሚሰበር ድምፅ። የጋሽ ኢተፋ ነው።

«ቀጣዩን ያድርጉት» አልኩ።

ቀጣዩን አደረጉት። እሳቸው ናቸው።

«ሌላ።»

«ሁሉም ያው ነው» አሉ፤ አጠፉትና። «ሁሉንም እንደገና ዘፍኜዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት። የእሱን ድምፅ ከስር አስወጣሁት።»

«እና የእሱስ?»

«አስጠፋሁት። ፈይሳ አይሆንም ቢል ተቆጣሁት። ኮፒ እንዳያስቀር አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁ።» እጃቸው ጋቢያቸውን ይጨምቃል። «ሠላሳ ዓመት የዘፈንኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አኖ፣ እሱ ማይክ ፊት ቆሞ ሲዘፍን እኔን ከኋላ ከተቀባዮች ጋር አቆሙኝ። እኔን! እሱ ደግሞ ጥሩ ዘፈነ። መጥፎ ቢዘፍን ኖሮ ምንም አልልም ነበር።»

«ደሳለኝ ያውቅ ነበር?»

«አላወቀም። ከአንገር ጉቲን ሲመለስ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። አሞኛልም ያልኩት ለዚያ ነው፤ መኪና ውስጥ አጠገቡ መቀመጥ አፍሬ።»

ምን ብዬ እንደሰደብኳቸው አልጽፍም። የአባቴ እኩያ ናቸው። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ አልተቆጡኝም። ጋሽ ኢተፋም ቀና ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ልክ ነህ። ግን ስማኝ፣ ስልኩ ላይ አለ። ስልኩ ተርፏል አይደል? ቀብሩ ላይ ይዘኸው አየሁ፤ ያን ጊዜ ነው ልቤ የተመለሰው። አምጣው። የኔን አውጥቼ የሱን እመልሳለሁ። አልበሙ በስሙ፣ በድምፁ፣ በፎቶው ይወጣል። እምላለሁ። አምጣው ብቻ፣ ኢልመኮ።»

ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን ነበር። እኔ የእሳቸውን ፍላሽ ተስፋ አድርጌ መጥቻለሁ። እሳቸው የእኔን ስልክ ተስፋ አድርገው አምስት ቀን ተቀምጠዋል።

ነገርኳቸው። ሳጥኑን፣ ገመዱን፣ አሥራ አንዱን ቁጥር፣ ሁሉንም። 

«እርስዎ ቀንተው ነው» አልኳቸው። «እኔ ሳላውቅ ነው።»

«ልክ ነህ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፦ «ለእናትህ ግን ልዩነቱ ምን ይጠቅማታል?»

 

ስነሳ «ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ» አሉኝ። «አርባው ቀን እመጣለሁ። በራሴ አፍ እነግራታለሁ። አንተ አትንገራት፤ ኃጢአቱ በእኔ ይጀምር።» እውነቱን ለመናገር፣ ተገላገልኩ። ቤት ስገባ ለእናቴ «አልበሙ ጋሽ ኢተፋ ጋ ነው፣ በአርባው ያመጡልሻል» አልኳት። ፈሪ ነኝ። ይህን ባልል ኖሮ የሆነው አይሆንም ነበር።

እናቴ አርባውን ቀን እንደ በዓል ጠበቀችው። «ስንት ቀረ?» ትለኛለች በየጠዋቱ።

አርባው ደረሰ። ቅዳሴው፣ ተዝካሩ፣ ሁሉም ሆነ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳው ሲበተን ጋሽ ኢተፋ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። ሲፈቱት አሮጌ ቴፕ ነው፤ ውስጡ ካሴት አለ። ሁለተኛው አልበም መሆኑን በቴፑ መስኮት በኩል አየሁ። የእናቴ ዓይን ደከም ስላለ አታነበውም፤ ደግሞም ፊደል አልቆጠረችም። በኋላ እንደነገሩኝ፣ እውነቱን ከነገሯት በኋላ «ልጅሽ ይህን ሰምቶ ነው ክራር የወደደው» ብለው ሊያሰሟት ነበር ያመጡት። አራተኛውንማ፣ በልጇ ዘፈን ላይ የራሳቸው ድምፅ ስላለበት፣ ሊያሰሟት አልደፈሩም።

እናቴ ቴፑን ስታይ ተነሳች። በሩን ዘጋችና ነጠላዋን አጣፋች።

«አመጡልኝ?»

«እትዬ ጥሩነሽ፣ መጀመሪያ የምነግርዎ ነገር…»

«አይንገሩኝ። አርባ ቀን ወሬ ሰማሁ። ይክፈቱልኝ።»

«አይ እትዬ፣ ይስሙኝማ…»

«አቶ ኢተፋ!» አለች። «እኔ ስንት ዘመን አልሰማሁትም። እርስዎ በየሳምንቱ ሲሰሙት ኖሩ። አሁን የእኔ ተራ ነው።»

ሰውየው እኔን አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ጣታቸው ተጫነ።

መጀመሪያ ሹ የሚል ድምፅ መጣ። «ምንድነው?» አለች እናቴ። «ዝናብ ነው» አልኳት። የሁለተኛው አልበም ክረምት፣ ስምንተኛው ባለጋቢ። ከዝናቡ ስር ማሲንቆ ወጣ። ከዚያ ድምፅ። የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረው የጋሽ ኢተፋ ድምፅ ነው፤ ያልሻከረ፣ ቀጭን፣ ላይ ወጥቶ የማይሰበር። ደዴሳ ሞልቶ ማዶ ስለቀረ ሰው ይዘፍናል።

«ይኸው!» አለች እናቴ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ይኸው ልጄ! የአባቱ ድምፅ! ውዳሴ ማርያም ሲደግም እንዲህ ነበር፣ እንዲሁ ነበር! እኔ ነኝ ይህን ዝም ያሰኘሁት? እኔ?»

 ዝናቡ ይዘንባል። እናቴ እያለቀሰች ወደ ጋሽ ኢተፋ ዞረች።

«እሱ ነው አይደል? ይንገሩኝ እንጂ። ደሳለኝ አይደለም እንዴ?»

ያን ጊዜ የሳቸውን ፊት አየሁት። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ሰርግ፣ ያጡት የራሳቸው ድምፅ ከፊታቸው ይዘፍናል። ለመናገር ነው የመጡት።

«ነው እትዬ» አሉ። «ደሴ ነው።»

«ጥሩ ይዘፍን ነበር?»

«እኔ እንዲህ ዘፍኜ አላውቅም» አሉ ጋሽ ኢተፋ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ቴፑን ትተውልን ሄዱ። አራተኛው አልበም እስካሁን አልወጣም፤ ባለጋቢዎቹም ተበትነዋል። ክራሩ አሁን ቤት ገብቷል። እናቴ ከአልጋዋ በላይ፣ ከስዕለ አድኅኖዋ በታች ሰቅላዋለች። ባጃጁን እኔ እነዳለሁ።

እናቴ በየጠዋቱ ጸሎቷን ስትጨርስ ካሴቱን ትከፍታለች። «ነፍስህን ይማር ልጄ» ትለዋለች። ባለ ድምፁ ዲጋ ውስጥ በሕይወት አለ። የወንድሜን ድምፅ ያጠፋ ሰው በወንድሜ ስም ሲዘፍን እየሰማሁ ቁርሴን እበላለሁ። ዝጊው እንዳልላት እኔም አጥፍቻለሁ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሁለተኛውን አልበም በልባቸው ያውቁታል። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ስትሰማ ቆማ አየኋት። አየችኝ። አንገቷን ደፍታ ገባች። ለማንም አልተናገረችም።

አንባቢዎች፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ ብዙ የምላችሁ የለኝም። ያችን በባጃጁ ውስጥ ያሰማኝን አንድ ዘፈን ለማስታወስ በየቀኑ እሞክራለሁ። በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነው የሰማኋት። በመጀመሪያው ወር ግማሹን ማንጎራጎር እችል ነበር። አሁን መግቢያው ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱም የጋሽ ኢተፋ ድምፅ እየተቀላቀለብኝ ነው። አሁን የምይዘው የደሳለኝ ስልክ ሞላ ሲለኝ ምንም አላጠፋም፤ ቀረጻውን እተወዋለሁ። ግን ይህ ጥንቃቄ አሁን ለማን ይጠቅማል?

ይህን በጽሑፍ ያደረግኩት እናቴ ስለማታነብ ነው። ነቀምት ያላችሁ፣ የምታውቁን ካላችሁ፣ በደጃችን ስታልፉ ያ ዝናብ ከተሰማችሁ አደራ። ማን ነው የሚዘፍነው ብላ ከጠየቀቻችሁ፣ ደሳለኝ ነው በሏት።